ለጫጩት የሚሆን ጠጠር

ሚስቱ የሞተችበት አንድ ሰው ነበረ። ዕድሜው ገና ሠላሳ አልሞላም። ትሕትና የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ነበረችው።

ሚስቱ መታመም እንደ ጀመረች ጠበል ሄዳ ሦስት ሳምንት ተቀመጠች። የተሻላት መስሎ ተመለሰች። ከተመለሰች በኋላ ግን አንድ ወር እንኳ ሳይሞላት ሐኪም ቤት ገባች፤ በዚያው ዐረፈች። ልጅቱ ያን ሰሞን አክስቷ ዘንድ ነበረች። ቀብሩ አልፎ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ አባትየው ሊያመጣት ሲሄድ ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«እማዬስ?» አለችው።

የሚላትን በመንገድ ላይ ሲያስብ ነበር የመጣው። አፉን ሲከፍት ያሰበው ሁሉ ጠፋበት።

«ጠበል ናት» አላት።

«እንደ በፊቱ?»

«እንደ በፊቱ።»

ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች። ጠበል ለእሷ የታወቀ ነገር ነው፤ እናቷ ሄዳ የተመለሰችበት ቦታ። ስለዚህ አላለቀሰችም። እጁን ይዛ እየዘለለች ቤቷ ገባች። አባትየውም ለዚያ ቀን ተገላገለ።

ያ ቀን ሌላ ቀን አመጣ። በሰፈሩ ልማድ ለሕፃን ልጅ መርዶ መንገር ጭካኔ ነው፤ ስለዚህ የነቀፈው የለም። እንዲያውም ሁሉም ተባበረው። ጎረቤቶች ሊያጽናኑት ሲመጡ ጥቁር ነጠላቸውን ከበር ውጪ አውልቀው ፌስታል ውስጥ ይከታሉ። ሴቶቹ ልጅቱን አቅፈው «እማዬ ደህና ናት፤ ሳሙልኝ ብላለች» ይሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። እሱም ጥቁር ሸሚዙን ጎረቤት ቤት ሚስማር ላይ ሰቅሎታል። ጠዋት እዚያ ገብቶ ይለብሳል፣ ማታ እዚያ ገብቶ ያወልቃል። የአርባዋ ዕለት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ለልጁ «ሥራ አለብኝ» ብሏት ወጣ። በገዛ ቤቱ አንድ ቀን አልቅሶ አያውቅም።

ልጅቱ ግን መጠየቋን አልተወችም። «መቼ ነው የምትመጣው?» ትላለች። «በቅርቡ» ይላል። «በቅርቡ ነገ ነው?» ትላለች። ባዶ መልስ አልበቃ ሲላት ነገር ጨመረበት። አንድ ቀን ብስኩት ይዞ ገባና «እናትሽ ላከችልሽ» አላት። ፊቷ በራ። ብስኩቱን ቶሎ አልበላችውም፤ ወረቀቱን መጀመሪያ አሸተተችው።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንድ ነገር ይላካል። ከረሜላ፣ የፀጉር ማስያዣ፣ አበባ ያለበት ካልሲ። አባትየው ሱቅ ፊት ቆሞ፣ ሚስቱ ብትሆን የትኛውን ታነሣ ነበር ብሎ ያስባል። ቀዩን ወይስ ሰማያዊውን ብሎ በልቡ ይጠይቃታል። ሰማያዊውን ትለዋለች። አብረው ዕቃ ሲገዙ እሱ እያፋጠነ፣ እሷ እያገላበጠች ሁልጊዜ ይጣሉ ነበር። አሁን እሱም ማገላበጥ ጀመረ፤ ባለሱቁ እስኪሰለቸው ይቆማል። በሳምንት ውስጥ ከእሷ ጋር የሚሆንበት ሰዓት ያ ብቻ ነበረ።

እንዲህ እያለ ነገሩ በእሱም ላይ መሥራት ጀመረ። ለልጁ «ለፋሲካ ትመጣለች» ባላት ማግሥት፣ ሥራ ቦታው ላይ የቀን መቁጠሪያውን ገልጦ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ሲያይ ራሱን አገኘው። የሚስቱን ነጠላ ጫማ ከበሩ ጀርባ አላነሣውም። አንድ ቀን ቤት ሲጠርግ ሊያነሣው ጎንበስ አለና፣ «ስትመጣ ትፈልገዋለች» ብሎ ተወው። ወዲያው ደነገጠ። ጫማውን ግን አላነሣም።

በአራተኛው ወር የልጅቱ ጫማ ጠበባት። አዲስ ገዛላት። ልማድ ሆኖበት «እናትሽ ላከችልሽ» አላት። ልጅቱ ጫማውን አድርጋ ተነሣች፤ ወዲያ ሄደች፣ ወዲህ መጣች፤ ጎንበስ ብላ ጣቷን ከተረከዟ ኋላ ልታስገባ ሞከረች። ልክ ነው። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«እማዬ እግሬ ማደጉን በምን አወቀች?»

«እናት ሁሉን ታውቃለች።»

«አላየችኝም እኮ። ስትሄድ እግሬ ትንሽዬ ነበር።»



«መጥታ ነበር» አለች ልጅቱ። «ተኝቼ እያለሁ መጥታ፣ እግሬን ለክታ ሄደች።»

«አልመጣችም፣ የኔ ዓለም።»

«መጥታለች። ለምን አልቀሰቀሰችኝም? ተቀይማኛለች።»

ጫማውን አውልቃ አልጋ ሥር አስገባችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብስኩቱንም ከረሜላውንም አልነካችም። ምግብ ሲቀርብላት ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ትተወዋለች። አልተኛም ማለትም ጀመረች፤ እናቷ ደግማ ከመጣች ነቅታ ልትጠብቃት ነው። «ይቅርታ እላታለሁ» አለችው ለአባቷ። «ምን አጥፍተሽ?» ቢላት አሰበች፤ ያጠፋችውን አላወቀችውም። «እማዬ ታውቀዋለች» አለች።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባትየው ልጁን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ ወደ ጋሽ አስረስ ሄደ።

ጋሽ አስረስ የሰፈሩ እድር መርዶ ነጋሪ ናቸው። የሰው ዘመድ ሩቅ አገር ሲሞት፣ በማለዳ ሄደው በሩን አንኳኩተው ቃሉን የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። አርባ ዓመት በዚህ ሥራ ስለኖሩ ሰው ጠዋት በሩ ላይ ሲያያቸው ገና አንድ ቃል ሳይናገሩ ዋይታውን ይለቀዋል። «ጨው ልለምን ብሄድ እንኳ ያለቅሱብኛል» ይላሉ። ከዚህ ሌላ ያላቸው ሥራ ዶሮ ማርባት ነው። አባትየው ሲደርስ ጓሮ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ሦስት ሳምንት ለሆናቸው ጫጩቶች መኖ ይሰፍሩ ነበር።

«ግባ ልጄ። አትፍራ፤ የመጣኸው አንተ ነህ እንጂ እኔ አይደለሁም» አሉት።

ፈገግ ለማለት ሞከረ። አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጫጩቶቹ እግሩ ሥር መጡ። እጁን ኪሱ ውስጥ ቢከት ልጁ ያልነካችውን ብስኩት አገኘ። ሳያስበው ሊፈረፍርላቸው ሲል ሽማግሌው እጁን ያዙት።

«ቆይ። ማን የተወው ብስኩት ነው?»

«ትሕትና።»

«ልጅ ብስኩት የምትተው ምን ሆና ነው?»

ሁሉንም ነገራቸው። ጠበሉን፣ ብስኩቱን፣ ጫማውን። ከበሩ ጀርባ ስላለው ነጠላ ጫማ አልነገራቸውም። ጋሽ አስረስ መኖውን ቁልቁል እያዩ ሰሙት። በመጨረሻ እንዲህ ሲል ጠየቃቸው፦

«ልንገራት ወይስ እስክታድግ ልጠብቅ? የአምስት ዓመት ልጅ ናት። እንዲህ ያለውን ነገር ሰምታ ምን ታደርገዋለች? እኔ ራሴ ምን እንደማደርገው አላወቅሁም።»

ሽማግሌው የመኖውን ጣሳ አስቀመጡ። እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ከዚያ እንዲህ ብለው ነገሩት።

አንዲት ዶሮ ያለችው ሰው ነበረ። ከእሷ በቀር ሌላ በቤቱ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረውም። ዶሮዋ ታቅፋ ዘጠኝ ጫጩት ፈለፈለች። በስድስተኛው ቀን ሸለምጥማጥ ገብቶ እናትየዋን በላት። ጫጩቶቹ በሣጥን ሥር ስለነበሩ ተረፉ።

በነጋታው እናታቸውን ፍለጋ ጮኹ። የጫጩት ጩኸት ቀጭን ነው፤ አያቋርጥም። የሆነ ቦታ ተቀምጣ የምትሰማቸው ይመስል፣ ትንሽ ጮኸው ዝም ይላሉ፣ ያዳምጣሉ፣ እንደገና ይጮኻሉ። ሰውዬው ሩኅሩኅ ነበር። ጩኸቱንስ በቻለው፤ ዝም ብለው የሚያዳምጡባትን ጊዜ ግን አልቻላትም። ሰብስቦ ወደ ቤቱ አስገባቸው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ጠረገው፣ አጠበው፣ ካርቶን አነጠፈበት። «እናት የላቸውም፤ ደግሞ ቆሻሻ አይንካቸው» አለ።

መጀመሪያ የሰጣቸው የጫጩት መኖ ነበር፤ እንደ ዱቄት የላመ። በዚህ አላጠፋም። ጫጩት ያንን ብቻ ብትበላ ሌላ ነገር አያስፈልጋትም፤ ተፈጭቶላት የመጣ ነው። ግን ጩኸታቸው አልቆመም። አንድ ቀን ዳቦ ቆርሶ ጣለላቸው። ተሻሙበት፤ በሉና ዝም አሉ። ሰውዬው ያን ዝምታ ወደደው። ከዚያ በኋላ በጮኹ ቁጥር አንድ ነገር ይሰጣቸዋል። የስንዴ ንፍሮ፣ ሩዝ፣ የተከተፈ ጎመን፣ በቆሎ ክክ። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ቢጫ የቫይታሚን ዱቄት ገዝቶ ውኃቸው ላይ በጠበጠ። በማሸጊያው ላይ ለአንድ ሊትር ቆንጠር አድርጉ ይላል፤ እሱ ማንኪያ ሙሉ ጨመረ። እናት የሚያህል ነገር ስለ ጎደለባቸው ቁንጥሩ አልበቃ አለው።

ጫጩቶቹም ወደዱት። ኮቴውን ሲሰሙ ይሮጣሉ። እሱም እንደ እናታቸው «ቁቅ ቁቅ» እያለ ይጠራቸው ጀመር። ቁጭ ሲል ጋቢው ሥር ይገባሉ። ጎረቤቶቹ ሳቁበት። «አውራ ዶሮ ይሆናል ስንል እናት ዶሮ ሆኖ አረፈው» ይሉት ነበር። እሱ አልከፋውም። በየቀኑ ካርቶኑን ይቀይራል። በእግሩ ጫማ የገባች አንዲት ጠጠር ብትገኝ ለቅሞ ወደ ውጪ ይጥላታል።

በሦስተኛው ሳምንት ጫጩቶቹ ዝም አሉ። ሳይሰጣቸው ዝም አሉ።

«ረሷት» ብሎ ደስ አለው።

ዋለ አደረና ልብ አለ። አይሮጡም። ክንፋቸውን ጥለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል። አንገታቸው ሥር አብጧል። ዳቦውን ጣለላቸው፤ ያያሉ፣ አይነኩም። ንፍሮውን ትተውታል። ለእሱ የመጣለት አንድ ነገር ነው፦ የጣፈጠ አልሰጠኋቸውም። ውኃቸው ላይ ስኳር ጨመረ። ማታ አንዷ መዳፉ ላይ ሞተች። ክብደቷ የአንድ እንቁላል አይሞላም፤ አንገቷ ሥር ያለው ግን እንደ ድንጋይ ነበር።

በነጋታው በየቤቱ እየዞረች እንቁላል የምትሰበስብ አንዲት ሴት መጣች። ወደ ቤት ስትገባ ጫማዋን እንድታወልቅ ጠየቃት።

«ቤትህ ከእኔ ቤት ይጸዳል» አለችው። «ምን ሆነው ነው እንዲህ የተኮራመቱት?»

«ጠግበው ይሆናል።»

ሴትየዋ አንዷን አነሣች። አንገቷ ሥር ያለውን የእህል ከረጢት በሁለት ጣቷ ዳበሰችው። «አልጠገቡም» አለች። «ርቧቸው ነው።»

«እህል ሞልቶባቸው እንዴት ይርባቸዋል?»

«መሙላቱን ሞልቷል። አልተፈጨም። ጥርሳቸውን የት አደረግህባቸው?»

«ዶሮ ጥርስ አላት እንዴ?»

«የላትም። ታዲያ በምን ታኝክ?»

ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ዶሮ ሲያይ ኖሮ ይህን ጠይቆ አያውቅም።

ሴትየዋ ወጣች። ከአጥሩ ሥር አሸዋ ዘግና በጣቶቿ መሐል አጣራችው፤ ትልልቁን ጣለች፣ ደቃቁን ይዛ ገባች። ከዚያ ያንን የታጠበ ወለል፣ ያንን ንጹሕ ካርቶን አሸዋ በተነችበት። ሰውዬው እጇን ያዘ።

«ምን ማድረግሽ ነው? እናት የሌላቸውን ልጆች ድንጋይ ታበያቸዋለሽ?»

«እናት ቢኖራቸው መጀመሪያ የምታሳያቸው ይኸንን ነበር» አለችው። «መሬቱን በእግሯ ስትጭር ጥሬ ብቻ የምትፈልግ መሰለህ? እህል ከሰጠሃቸው ጠጠር ትሰጣቸዋለህ። ጠጠሩ ሆዳቸው ገብቶ ነው እህሉን የሚፈጭላቸው። አንተ አንዱን ሰጥተህ አንዱን ነፈግሃቸው። ይኸን ሁሉ ድግስ ከምትደግስላቸው በዚያች በላመችው መኖ ብቻ ብትተዋቸው ይሻላቸው ነበር።»

እጇን ለቀቀ።

መጀመሪያ አንዷ ራሷን አነሣች። ትናንት ዳቦ ያልነካች ናት። በአንድ ዓይኗ አሸዋውን አየችው። አንዲት ጠጠር ለቀመች። ቆማ ዋጠች። ሌላ ለቀመች። ከዚያ ሌሎቹም መጡ፤ አፋቸው ካርቶኑን ጠቅ ጠቅ ሲያደርገው ተሰማ። በጣም የደከሙትን ሴትየዋ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ዘይት ጠብ አድርጋባቸው፣ የእህል ከረጢታቸውን በጣቷ ስታሽ ዋለች። ሁለቱ አልተረፉም። ዘግይቶ ነበር። ስድስቱ ዳኑ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሰውዬውን ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው ጩኸት ነው። ያ ቀጭኑ ጩኸት ተመልሶ መጣ። ሰውዬው እንደ ልማዱ እጁን ወደ ዳቦው ሰደደ። ከዚያ መለሰው። ተነሥቶ በሩን ከፈተ። ስድስቱ ጫጩቶች ወጥተው እናታቸው ትጭርበት የነበረው ቦታ ሄዱ፤ እዚያ ቆመው ጮኹ። አፈሩን በእግራቸው ጫር አደረጉ፣ ለቀሙ፣ እንደገና ጮኹ። እሱም ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ዝም ሊያሰኛቸው ሳይሞክር ሰማቸው። የዶሮዋ ናፍቆት ለእሱም የመጣበት ያን ጠዋት ነው፤ ለካ እሱም ከእነሱ ጋር ዝም ብሎ ነበር።

ጋሽ አስረስ እዚህ ላይ አቆሙና ወደ ወጣቱ አባት ዞሩ።

«እንግዲህ የጠየቅኸኝን ልመልስልህ። ልጅህ እናቷን ስትጠራ ብስኩት ሰጠሃት፣ ከረሜላ ሰጠሃት፣ ካልሲ ሰጠሃት፤ ሁሉንም በእናቷ ስም። ክፉ ሰው አይደለህም። ያም ሰው ክፉ አልነበረም። ነገር ግን የሰጠሃትን የምትፈጭበትን ነፈግሃት። ‹እማዬ ተቀይማኛለች› ያለችህ ከየት የመጣ ይመስልሃል? ያ ያልተፈጨው ነው። በእያንዳንዱ ስጦታ ላይ አንድ ጥያቄ አብሮ ዋጠች፤ የምትፈጭበት የላትም፣ ስለዚህ ውስጧ ተከመረ። እናቴ ካለች፣ ከላከች፣ ካልመጣች፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ ደመደመች። ሌላ ምን ትበል? የተሰጣትን ይዛ ነው ያሰበችው።»

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። «ሕፃን ናት ጋሼ። አትችለውም።»

«ለጫጩት አለት አይሰጣትም። ሴትየዋ በጣቷ ያጣራችውን አላየህም? አንተም እንደዚያ አጣራው። የሐኪም ቤቱን ነገር አሁን አትንገራት። ቀብሩን ካልጠየቀችህ አታንሣው። አፏ የሚችለውን ብቻ ስጣት። እናትሽ ሞታለች በላት። ሞታለች በል፤ ተኝታለች አትበል፣ ሄዳለች አትበል፣ እንደገና ትጠብቃታለች። ስለዚህ አትመጣም በላት። አልተቀየመችሽም በላት። ዕቃውን የገዛሁት እኔ ነኝ በላት። ከዚያ ዝም በል። ነገ ስትጠይቅህ ሌላ አንዲት ጠጠር ትሰጣታለህ። ሕፃን ልጅ በአንዴ ሁሉን አትጠይቅህም፤ የምትችለውን ያህል ለቅማ ሄዳ ትጫወታለች፣ ተመልሳ ትመጣለች።»

«ብታለቅስስ?»

«ታለቅሳለች እንጂ። ለማልቀስ ነው የምትነግራት። እንዳታባብላት አይደለም፤ አቅፋት። ብቻ አፏን ለመዝጋት ምንም አትስጣት።»

ወጣቱ ጫጩቶቹ እግሩ ሥር ሲንጫጩ ያያቸዋል። በመጨረሻ፣ «እርስዎ ይምጡና ይንገሯት» አላቸው። «ለዚህ ነበር የመጣሁት። እውነቱን ልንገርዎት፣ ለዚህ ብቻ ነበር የመጣሁት። እርስዎ ያውቁበታል።»

«አውቅበታለሁ» አሉ ጋሽ አስረስ። «አርባ ዓመት ሠርቼበታለሁ። ግን እኔ ብነግራት የሽማግሌ ወሬ ነው። ማታ ወደ አንተ ዞራ ‹እውነት ነው?› ትልሃለች፤ ያን ጊዜ ደግሞ ትፈራና ጠበል ናት ትላታለህ። ያን ቃል የሰጣት የአንተ አፍ ነው። የሚወስደውም እሱ ይሁን።»

 ሽማግሌው ጣሳቸውን አንሥተው የቀረውን መኖ በተኑ። ቀጥለው የተናገሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው።

«አንድ ነገር ልጨምርልህ። በዚህ ሥራ የሰማ ሰውና ያልሰማ ሰው ፊት ለያይቼ አውቃለሁ። ያልሰማ ሰው ፊቱ ወደ በር ነው። ተቀምጦም፣ እየበላም፣ እየሳቀም ወደ በር ነው። አንተ ቀብሯ ላይ ቆመሃል፤ እኔም አጠገብህ ነበርኩ፣ አፈሩ ሲመለስ አይተሃል። ዛሬ ገብተህ እዚህ ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ ግን ያልሰማ ሰው ፊት አየሁብህ። ለልጅህ የነገርካትን ሁሉ ጆሮህ አብሮ ሰምቶታል። አንተም እየጠበቅሃት ነው።»

 የወጣቱ ዓይን ሞላ። በአራት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው። ጋሽ አስረስ አላባበሉትም። እስኪጨርስ ከጫጩቶቻቸው ጋር ቆዩ።

«ስለዚህ በዚያ ቤት መርዶ ያልሰማችሁ ሁለት ናችሁ» አሉት። «ነገ እሑድ ነው፤ ሥራ የለብህም። ከነጋ፣ ቁርሷን ከበላች በኋላ አጠገቧ ቁጭ በል። እንደ ሰማህ ሰው ሆነህ አትንገራት፤ አትችልም። ቃሉን ቀስ ብለህ አውጣው። ስትነግራት አንተም ስማ።»